ያገለገለ ኦቶሞቢል ስለ መግዛት፤ ከስልክ መስተዋት ይሻላል ወይስ ከሰው እጅ?



በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ስለ ኦቶሞቢል መጻፋችን ምናልባት አንዳንዱን ሰው ያስገርመው ይሆናል። ኦቶሞቢል የወንዶችና የመካኒኮች ጉዳይ እንጂ የቤት ጉዳይ አይደለም የሚሉ አሉና። እኛ ግን በዚህ አሳብ አንስማማም። በከተማችን አንድ ቤተ ሰብ ከመኖሪያ ቤቱ ቀጥሎ ከፍ ያለውን ገንዘብ የሚያወጣው ለመኪና ነው፤ ይህም ገንዘብ ባልና ሚስት ለብዙ ዓመት በእቁብ የጣሉት፤ ከበዓል ወጪና ከልጆች ልብስ ያስቀሩት ስለ ሆነ፤ በአንድ ቀን ስሕተት ቢጠፋ የሚያዝነው አባወራው ብቻ አይደለም።

ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያነሣሣን በአንድ ወዳጃችን ቤት ተገኝተን የሰማነው ክርክር ነው። ወዳጃችን ዕድሜያቸውን በመንግሥት መሥሪያ ቤት በሒሳብ ሥራ ያሳለፉ ሰው ናቸው። በሥራ ላይ ሳሉ በመሥሪያ ቤቱ ሰርቪስ ይመላለሱ ስለ ነበር የራሳቸው መኪና ኖሯቸው አያውቅም። ጡረታ ከወጡ በኋላ ግን ባለቤታቸው እግራቸውን እየታመሙ ሐኪም ቤት መመላለስ ግድ ሆነባቸው፤ በታክሲ ሰልፍ መቆምም አልቻሉም። ስለዚህ እሳቸው የቆጠቡትን፤ ባለቤታቸውም ከእቁብና ከአባታቸው ውርስ ያገኙትን አንድ ላይ አድርገው ያገለገለች ቶዮታ ኮሮላ ለመግዛት ቈረጡ።

ታናሹ ልጃቸው በእጅ ስልኩ ቴሌግራም ከፍቶ የመኪናዎችን ሥዕል ሲያሳያቸው ሰነበተ። አንድ ማታም የ2007 ሞዴል የሆነች፤ ነጭ፤ ንጹሕ፤ ዋጋዋም ከጓደኞቿ በ300 ሺህ ብር የምታንስ ኮሮላ አገኘ። (በነገራችን ላይ 2007 ሲባል በፈረንጆች አቈጣጠር ነው፤ ይህም በእኛ 1999 ወይም 2000 ዓ.ም. መሆኑ ነው። በእኛ አቈጣጠር መስሎት መኪናይቱን በሰባትና በስምንት ዓመት ወጣት የሚያደርጋት የዋህ ገዢ ዛሬም አልጠፋም።) ልጁ ደውሎ ሻጩን አነጋገረ። ሻጩም አንደበቱ የጣፈጠ ሰው ነበር። መኪናይቱ አዳማ መሆኗን፤ እርሱ ወደ ውጭ አገር ለመሄድ የተቻኰለ በመሆኑ ዋጋውን ዝቅ ማድረጉን፤ ሌሎች ሦስት ገዢዎችም እየጠበቁ መሆናቸውን ነገረው፤ 50 ሺህ ብር ቀብድ በቴሌብር ለላከለት ሰው ግን እስከ ቅዳሜ እንደሚያቆይለት ተናገረ።

ልጁ፤ «አባባ፤ ዛሬ ማታ ቀብዱን ካልላክን ሌላ ሰው ይወስዳታል» አለ። ወዳጃችንም ዕድሜያቸውን ሙሉ የሌላውን ሰው ደረሰኝ ሲመረምሩ የኖሩ ሰው ሲሆኑ፤ ነጩን መኪና አይተው ልባቸው ተሰለበና እጃቸውን ወደ ስልካቸው ሰደዱ። በዚህ ጊዜ ባለቤታቸው፤ «መኪናይቱን በራችን ድረስ አምጥቶ ያሳየን፤ ገንዘቡ አንድ ሌሊት ቢያድር አይሻግትም» አሉ። ቀጥለውም ስልኩን ተቀብለው፤ መነጽራቸውን አድርገው ሥዕሎቹን አንድ በአንድ ሲመለከቱ ቈዩና፤ «ይህችማ መሪዋ በቀኝ ነው» ብለው ስልኩን ለልጃቸው መለሱለት።

እውነትም በአንደኛው ሥዕል ላይ የመኪናይቱ መሪ በቀኝ በኩል ነበር። አገራችን ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ በመንገድ ቀኝ የምትነዳ አገር ስለ ሆነች፤ በከተማችን የሚሸጠው ኮሮላ መሪው በግራ ነው። እንግዲህ ሥዕሉ የተነሣው መሪ በቀኝ በሚሆንበት በሌላ አገር ኖሯል። በማግሥቱ ልጁ ሲፈልግ ያው ሥዕል በሌላ ስም፤ በሌላ ዋጋ፤ መኪናይቱም ሐዋሳ ናት ተብሎ ወጥቶ አገኘው። አዳማም ሐዋሳም መኪና አልነበረችም።

ይህን ታሪክ የሰማ ሰው በስልክ መስተዋት የሚሸጥ ሁሉ አታላይ ነው፤ ዱሮ እንደምናደርገው ከምናውቀው ሰው መግዛት ይሻላል ብሎ ይፈርድ ይሆናል። እኛም ይህን ፍርድ ለመፍረድ ቸኵለን ነበር፤ ነገር ግን የራሳችን ታሪክ ከለከለን። እፍረት ቢሆንም እንነግራችኋለን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እኛም ያገለገለች መኪና ገዝተን ነበር። የገዛነው ከደላላም ከኢንተርኔትም አይደለም፤ በሠርግም በለቅሶም ከማንለያየው አንድ ዘመዳችን ነው። መኪናይቱን በግቢው ውስጥ ቡና እየጠጣን አየናት። መካኒክ ይዘን ለመምጣት አስበን ነበር፤ ነገር ግን «ዘመዴን ጠረጠረኝ ይለኛል» ብለን ተውነው። ኮፈኑን ከፍተን እንኳ ብዙ አላየንም። ዋጋ ለመከራከርም አፈርን። እርሱም «ለአንተ ነው እንጂ ለሌላ በዚህ ዋጋ አልሰጥም» አለን፤ እኛም አመስግነን ከፈልን። ሦስተኛው ወር ሳይሞላ ዝናብ ሲዘንብ ከእግራችን በታች ውሃ ይገባ ጀመር። ወደ ጋራዥ ወስደን ወለሉ ሲገለጥ መኪናይቱ ከፊት በኩል ክፉኛ ተጋጭታ የነበረች፤ ሻንሲዋ ተቈርጦ የተበየደ፤ ላሜራዋም በስቱኮ ተሞልቶ የተቀባ ሆና ተገኘች። ዘመዳችን ይህን ያውቅ ነበርን? እርሱም ሲገዛት ያልነገሩት ሊሆን ይችላል። ልንጠይቀው ግን እስከ ዛሬ አልደፈርንም፤ እርሱም በመንገድ ሲያገኘን «መኪናይቱ እንዴት ናት?» ማለትን ትቷል። ከገንዘቡ ይልቅ የቈጨን ይህ ነው።

ስለዚህ በስልክ የሚሸጠው ሰው ጉድለት ፊቱን አለማየታችን ሲሆን፤ የምናውቀው ሻጭ ጉድለት ደግሞ ፊቱን አብዝተን ማየታችን ነው። ይሉኝታ የመካኒክን ያህል ዋጋ ያስከፍላል፤ እንዲያውም ይበልጣል።

አባቶቻችን በቅሎ ሲገዙ ከእኛ ይልቅ ብልሆች ነበሩ። ገዢው የበቅሎይቱን ጥርስ ከፍቶ ዕድሜዋን ያያል፤ ኮቴዋን ያነሣል፤ ወገቧን ይዳስሳል፤ ዳገትና ቍልቍለት ያስሰግራታል። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ሻጩ ወንድሙ እንኳ ቢሆን አይቀየመውም፤ የገበያው ወግ ነውና። ከዚያም በኋላ ሻጩ ዋስ ይጠራል፤ ዋሱም በቅሎይቱ የተሰረቀች ሆና ብትገኝ በሰው ፊት ይጠየቃል። ዛሬ መኪና ስንገዛ ጥርሱን ማየት ነውር መስሎ የታየን ምን ነክቶን እንደ ሆነ አናውቅም። ደግሞም በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች እንደሚባለው፤ ያገለገለ መኪናም ስለ አለፈ ታሪኩ ሲጠየቅ ስለ አዲሱ ጎማውና ስለ ወንበር ልብሱ ይመልሳል።

በነገራችን ላይ ወደ አዲስ አበባ የገባችው የመጀመሪያይቱ ኦቶሞቢልም ቢሆን አዲስ አልነበረችም ማለት ይቻላል። ቤድ ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ ሲድሌይ የተባለችውን ኦቶሞቢል በ1900 ዓ.ም. ለዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ያመጣት ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ በረሓውንና ተራራውን በራሷ ጎማ እያስኬደ ነው። የዚያን ዘመን መንገድ ለሚያስብ ሰው፤ ከቤተ መንግሥት ስትደርስ ምን ያህል አገልግላ እንደ ነበረ ለመገመት አይቸገርም።

ያገለገለ መኪና ገበያ ስለ ምን ክፉ እንደሚሆን ጆርጅ አከርሎፍ የተባለ አሜሪካዊ የምጣኔ ሀብት ሊቅ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ አስረድቷል። በአሜሪካ ተበላሽቶ የሚያስቸግር መኪና «ሎሚ» ይባላልና የጽሑፉ አርእስት «የሎሚዎች ገበያ» የሚል ነው። ትምህርቱ ባጭሩ እንዲህ ነው። ሻጩ የመኪናውን ጠባይ ያውቃል፤ ገዢው ግን አያውቅም። ገዢው መልካሙን ከክፉው መለየት ስላልቻለ ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ብቻ ይሰጣል። መልካም መኪና ያለው ሰው በዚህ ዋጋ አልሸጥም ብሎ ከገበያ ይወጣል፤ ክፉ መኪና ያለው ግን ደስ ብሎት ይቀራል። እንዲህ እየሆነ ገበያው በክፉዎቹ ይሞላል፤ ገዢውም ይህን ሲያውቅ ዋጋውን ይብሱን ዝቅ ያደርጋል፤ የተረፉት መልካሞችም ይወጣሉ። ሊቁ በ2001 ከሌሎች ሁለት ሊቃውንት ጋር የኖቤልን ሽልማት ተቀብሏል። መርካቶ ውሎ የሚያውቅ ሰው ይህን ያለ መጽሐፍ የሚያውቀው ነገር ነው፤ ሆኖም በሥርዓት መጻፉ ጠቅሟል።

በዋሺንግተንና በአካባቢዋ የሚኖሩ ወገኖቻችን ለዕረፍት ሲመጡ፤ እነርሱ መኪና በኢንተርኔት ገዝተው በራቸው ድረስ እንደሚመጣላቸው፤ ካልወደዱትም በሰባት ቀን ውስጥ እንደሚመልሱት ሲነግሩን እንገረማለን። አንዳንዶችም፤ «እናንተ እስከ መቼ ከደላላ ጋር ፀሐይ ላይ ትቆማላችሁ?» ይሉናል። ነገሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከሥዕሉ በስተ ኋላ ያለውን ማየት ያስፈልጋል። በዚያ አገር የመኪናን ኪሎ ሜትር መቁጠሪያ ወደ ኋላ መመለስን የሚከለክል የፌዴራል ሕግ የወጣው በ1972 ነው። ከ1985 ጀምሮም ያገለገለ መኪና የሚሸጥ ነጋዴ ሁሉ ዋስትና ይስጥ አይስጥ የሚገልጽ ወረቀት በመኪናው መስኮት ላይ እንዲለጥፍ ታዟል። ከዚህም በላይ እያንዳንዱ መኪና 17 ፊደልና ቍጥር ያለው መለያ ስላለው፤ ገዢው በዚያ ቍጥር መኪናው ተጋጭቶ፤ በጎርፍ ተይዞ ወይም ተሰርቆ እንደ ነበረ በጥቂት ገንዘብ መዝገብ ይገዛል። መዝገቡ ሁሉን ይይዛል ማለት አይደለም፤ ባለቤቱ ሳያስመዘግብ በጓዳ ያሠራው ጉዳት አይገኝበትምና። ቢሆንም ሥዕሉ ብቻውን አይቆምም። በእኛ ዘንድ ግን ሥዕሉ ከስልኩ ላይ ብቻውን ይቆማል። ከዚያ አገር የምንቀዳው ስልኩን ብቻ ሲሆን መዝገቡንና ሕጉን ትተን ነው።

ደግሞ በከተማችን የኢንተርኔት ነጋዴ የምንለው ማን ነው? አብዛኛውን ጊዜ ያው የመንገድ ዳር ደላላ ነው። ዱሮ በቦሌም በሌላም ሰፈር ቆሞ ገዢ ይጠብቅ የነበረው ሰው ዛሬ ሥዕል ያነሣል፤ ዋጋና ስልክ ይጽፋል፤ ያንኑ መኪና አምስት ደላሎች በአምስት ዋጋ ይለጥፉታል፤ ባለቤቱም መኪናው ስንት ቦታ እንደ ተለጠፈ አያውቅም። ገዢው ሲደውል «ያቺ ተሸጠች፤ የተሻለች አለች» ይባላል። ያቺ የተባለችው ገዢ ለመጥሪያ የተቀመጠች ማጥመጃ ትሆናለች። መልካም ደላላ የለም አንልም። ስሙን ጠብቆ፤ ሁለቱን ወገን አስማምቶ፤ ስም እስኪዛወር ድረስ አብሮ የሚሮጥ ደላላ እናውቃለን፤ የሚቀበለውም ኮሚሽን የላቡ ዋጋ ነው። የመኪና አዳራሽ ያለው ነጋዴም ቢሆን ነገ የምታገኘው ቦታ ስላለው ከባዶ ስልክ ይሻላል፤ ዋጋው ግን ከፍ ይላል፤ መስተዋት ቤቱንና ዘበኛውን የሚከፍለው ገዢው ነውና።

ገበያውን ያጠበቡት ነገሮችም አሉ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ ዐዋጅ ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ መኪናዎች ላይ እንደ ዕድሜያቸው እየከበደ የሚሄድ ግብር ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ የማይሠሩ ኦቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት አስታወቀ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የውጭ ዕቃ ዋጋ ሁሉ ናረ። ስለዚህ በአገር ውስጥ ያለችው አሮጊት ቪትዝ እንኳ እንደ እመቤት ትከበር ጀመር። ዕቃ ሲወደድ ማታለያውም አብሮ ይራቀቃል፤ ገዢውም ያመልጠኛል ብሎ ስለሚቸኩል ይታወራል። «ዛሬ ማታ ካልላክህ» የሚለው ቃል ኀይል ያገኘው ከዚህ የተነሣ ነው።

ሌላ አንድ ነገር ለብቻው መናገር እንወድዳለን። ወደ አገራችን ከሚመጡት መኪናዎች ብዙዎቹ በዱባይ በኩል ያልፋሉ። በዚያች ከተማ በ2016 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር ከ75 ዓመት ወዲህ ያልታየ ዝናብ ዘንቦ እጅግ ብዙ መኪናዎች በውሃ ተውጠው ነበር። በውሃ ያደረ መኪና ታጥቦና ደርቆ ሲሸጥ በሥዕል ከጤነኛው አይለይም። ሽቦው ግን ከውስጥ እየዛገ ሄዶ በዓመቱ አንድ ቀን መንገድ ላይ ያቆመዋል። ይህን ለማወቅ የደኅንነት ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ስቦ ማየት ነው፤ ከመጠቅለያው ውስጥ ያለው ክፍል ጭቃ ወይም የውሃ መስመር ካለበት ነገሩ ታውቋል። ከወንበሩ በታች ያሉት ብሎኖች መዛጋቸውንም ማየት፤ ምንጣፉን አንሥቶ ማሽተትም ይጠቅማል። እመቤቶች ሆይ፤ በዚህ ረገድ የእናንተ አፍንጫ ከመካኒክ መሣሪያ ይበልጣል፤ ጓዳ ውስጥ የሻገተውን እህል የሚያውቅ ሰው ይህንም ያውቃል። ሽቶ የተረጨበት መኪና ካጋጠማችሁ ደግሞ ይልቁን ተጠንቀቁ።

እንግዲህ የስልኩ ጥቅም ምንድር ነው የሚለን ቢኖር ዋጋን ማወቂያ ነው እንላለን። ዱሮ ገዢው ዋጋ የሚያውቀው ደላላው የነገረውን ብቻ ነበር። ዛሬ ግን አንድ ወር ያህል በትዕግሥት የሚከታተል ሰው፤ የሚፈልጋት ዓይነት መኪና በምን ዋጋ እንደምትጠራ፤ የትኛዋም ሳትሸጥ ሰንብታ ዋጋዋን እንደ ቀነሰች ያያል። ስልክ ላይ የተጻፈው ዋጋ የተጠራው እንጂ የተሸጠበት አለመሆኑን ብቻ አይርሳ። ከሁሉም በታች የሆነውን ዋጋ ሲያይ ደግሞ ደስ ከመሰኘት በፊት ስለ ምን ብሎ ይጠይቅ። በርካሽ የሚሸጥ መልካም መኪና ቢኖር ኖሮ ደላላው ራሱ ይገዛው ነበር።

መኪናው በአካል ከተገኘ በኋላ ግን ስልኩ ወደ ኪስ ይግባ። ለማየት የምትሄዱት በማለዳ ይሁን፤ ሻጩንም ሞተሩን ሳታስነሣ ጠብቀን በሉት። የሞቀ ሞተር ገመናውን ይደብቃልና። ሲነሣ የሚወጣውን ጭስ ተመልከቱ፤ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እያቃጠለ ነው፤ ጥቁር ከሆነ ነዳጅ ይበዛበታል፤ ነጭ ሆኖ ሞተሩ ከሞቀም በኋላ የማይጠፋ እንደ ሆነ ውሃ ወደማይገባበት እየገባ ይሆናል። የዘይቱን ክዳን ስትከፍቱ እንደ ወተት የነጣ ቅባት ብታዩ ያው ነው። ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልላችሁ በላሜራው ላይ አስኪዱት፤ በበሩ ላይ ተጣብቆ በፓራፋንጎው ላይ ከወደቀ ከቀለሙ በታች ያለው ብረት ሳይሆን ስቱኮ ነው። እኛ ይህን ሁለት ብር የማያወጣ ማግኔት በጊዜው ብንይዝ ኖሮ!

ኪሎ ሜትር መቁጠሪያውን አትመኑት፤ የፍሬኑን ፔዳልና የመሪውን ቆዳ እመኑ። ስልሳ ሺህ ኪሎ ሜትር ብቻ ሄደች የምትባል መኪና ፔዳሏ ተልጦ ብረቱ ከታየ ቍጥሩ ወደ ኋላ ተመልሷል ማለት ነው። ጎማውም የራሱ ምስክርነት አለው። በጎኑ ላይ ከተጻፉት ቍጥሮች መጨረሻ አራቱ የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ያመለክታሉ፤ 2319 የሚል ቢሆን በፈረንጆች 2019 ዓመት በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል። የመንዳት ሙከራውንም በሜዳ ሳይሆን በዳገት አድርጉት፤ ከተማችን ደግሞ ዳገት አልተነፈገችም። በመጨረሻም መካኒኩን የምትመርጡት እናንተ ሁኑ። ሻጩ «እኔ የማውቀው ጋራዥ አለ» ያላችሁ እንደ ሆነ አመስግናችሁ ወደ ሌላ ሂዱ። ዘመድም ቢሆን፤ በተለይ ዘመድ ከሆነ።

የኤሌክትሪክ መኪና ለሚገዙ ደግሞ ነገሩ ይለያል። በዚያ ዓይነቱ መኪና ዘይትና ጭስ የለም፤ ሁሉ ነገር በባትሪው ላይ ነው። ባትሪው ከአዲስነቱ ምን ያህል አቅም እንደ ቀረለት በመሣሪያ ስለሚነበብ፤ ያ ሳይነበብ ዋጋ መነጋገር ሳይመዝኑ ወርቅ እንደ መግዛት ነው። ፋብሪካው በሌላ አገር የሰጠው ዋስትና እዚህ የሚሠራ መሆን አለመሆኑን፤ ከቻይና የመጣ ከሆነም የመስተዋቱ ጽሕፈት በምን ቋንቋ እንደ ሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። አንድ የምናውቃቸው ሹም መኪናቸው የሚነግራቸውን ቻይንኛ ለማስተርጐም ልጃቸውን ከትምህርት ቤት ይጠብቁ ነበር።

የወረቀቱ ነገር ከብረቱ ይበልጣል። የተበላሸ ሞተር ይጠገናል፤ የተበላሸ ሊብሬ ግን ፍርድ ቤት ያመላልሳል። በሊብሬው ላይ ያለው ስምና የሻጩ መታወቂያ አንድ መሆኑን፤ የሻንሲውና የሞተሩ ቍጥር በብረቱ ላይ ካለው ጋር መስማማቱን በዐይናችሁ አይታችሁ ጣታችሁን አስኪዱበት። መኪናው በባንክ ዕዳ የተያዘ፤ በፍርድ ቤት የታገደ ወይም ከቀረጥ ነፃ የገባ እንደ ሆነ በመዝገብ ጠይቁ፤ ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ቀረጡ ሳይከፈል በገዢ ስም አይዛወርምና። «ለጊዜው ውክልና ልስጥህ፤ ስሙ በኋላ ይዛወራል» የሚል ሻጭ ብዙ ነው። ውክልና ሰጪው የፈለገ ቀን የሚሽረው ሰነድ ነው፤ ሰጪው ቢሞትም ነገሩ ከወራሾች ጋር ይሆናል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጭ ለተሰወረ ጉድለት እንዲጠየቅ ያዛል፤ ገዢው ቢያይ ኖሮ ሊያውቀው ይችል ለነበረው ግልጽ ጉድለት ግን አይረዳውም፤ ጉድለቱንም ሲያገኝ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይፈልጋል። እንግዲህ ሕጉ ራሱ ጥርሱን እዩ የሚል ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ደግሞ በኤሌክትሮኒክ መንገድ የተለዋወጡት መልእክት ሕጋዊ ዋጋ እንዲኖረው ስላደረገ፤ ሻጩ በስልክ የጻፈላችሁን «አልተጋጨችም» የሚል ቃል አታጥፉት። ከዘመድ ጋር ቡና ላይ ከተነገረው ቃል ይልቅ እርሱ የተሻለ ምስክር ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ ይህም ለስልኩ የምንሰጠው ሁለተኛው ምስጋና ነው።

ወዳጃችን በመጨረሻ ኮሮላቸውን ገዙ። ያገኟትም በዚያው በልጃቸው ስልክ ላይ ነው፤ ነገር ግን ሥዕሉን ያወጡት ባለቤቷ ራሳቸው፤ ለ11 ዓመት የነዱአት አንዲት መምህርት ናቸው። ወዳጃችን ሁለት ጊዜ በማለዳ ሄደው አዩአት፤ ሦስተኛ ጊዜ መካኒክ ይዘው ሄዱ። መምህርቲቱም አልተቀየሙም፤ እንዲያውም የዘይት ቅያሪውን ቀን ሁሉ የጻፉበትን ደብተር አውጥተው ሰጧቸው። መካኒኩ የኋላው ፍሬን ማለቁንና ከፓራፋንጎዎቹ አንዱ የተቀባ መሆኑን ተናገረ፤ እሳቸውም በር ላይ እንደ ገጩት አመኑ፤ ከዋጋውም ተቀነሰ። ስም የማዛወሩ ነገር ግን አንድ ሳምንት ተጓተተ፤ መኪናይቱ የጋራ ሀብት ስለ ነበረች የመምህርቲቱ ባል ከጅማ መጥተው መፈረም ነበረባቸው። ልጁ በዚህ ጊዜም ቸኵሎ፤ «ገንዘቡን እንክፈልና ፊርማው ይደርሳል» ብሎ ነበር። እናቱ መልስ አልሰጡትም።

የፈረሙ ዕለት ከሰነዶች ማረጋገጫ መሥሪያ ቤት በራሳቸው መኪና ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ባለቤታቸው አዲሱን ሊብሬ እስከሚቀበሉ ድረስ የውሉን ወረቀት ከቤቱ ካርታ ጋር በሣጥን ቈልፈውበት፤ ቍልፉን በአንገታቸው አንጠልጥለው ሰኞ ወደ ሐኪም ቤት ሄዱ።